ኔትወርክ ሳይመለስ

ቢቸና፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይታገስ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ ያቆየኝ አምላክ ይመስገንና፣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ንግስትም ደህና ናት። «ያን ልጅ ሚስት አግባ በልልኝ» ብላሃለች። እኔ መልእክቱን አደረስሁ እንጂ የራሴን አልጨመርሁበትም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ኢንተርኔቱ ከክረምቱ ጀምሮ ከተቋረጠ፣ ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት መጥፋት ካመጣ ወዲህ፣ ወረቀት እንደ ድሮው ተከብሯል። የሞጣው ነጋዴ ሙሐመድጣሂር ሸቀጥ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ በቢቸና ያልፋልና የእኔን ደብዳቤ ይቀበለኛል። እዚያ ያለችው የአክስትህ ልጅ አርሴማ በስልኳ ፎቶ አንስታ ካምፓላ ትልክልሃለች፤ ያንተን ደግሞ በወረቀት አሳትማ ለእሱ ትሰጠዋለች። በእጅ ተጽፎ፣ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ዓባይ ድልድይን ተሻግሮ ዩቲዩብ ላይ የሚወጣ ዜና ያለው ያንተ ጣቢያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በዚሁ ዜና ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የአጎቴ የልጅ ልጅ ነህ፤ ሥጋዬ ነህ፤ ስለዚህ ልቆጣህ መብት አለኝ። ባለፈው «ከደብረ ወርቅ ማዶ ናዳ ወርዶ መንገዱን በከፊል ዘግቷል፤ መኪኖች በዝግታ ያልፋሉ» ብዬ ጻፍሁልህ። ሙሐመድጣሂር አዲስ አበባ ደርሶ ስልኩን ቢከፍት «ሰበር ዜና፤ ቢቸናና ሞጣ ተቆራረጡ» የሚል አገኘ። ሰውየው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሳምንት፣ በርበሬ ጭኖ ያለፈ ነው። ሲመለስ «ጋሽ ባየ፣ እኔ ታዲያ በየት በኩል ነው ያለፍሁት?» አለኝ። ምን ልበለው?

እኔ ከወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለሬዲዮ ዜና ሳቀብል ነው የሸበትሁት። የሰማሁትን ከሌላ ሰው ሳላጣራ ስልክ አላነሣም ነበር። የላክሁት ብዙ ዜና ሳይነገር ቀርቷል። የተነገረው ግን በዚያው መልኩ ነው የተነገረው።

ለዛሬው ዜና፦ የጤፍ ዋጋ አምና በዚህ ጊዜ ከነበረበት ወጥቷል። የመሰናዶ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ሁለት መምህራን ሳይመጡ ቀርተዋል፤ ከሌላ አገር የተመደቡ ናቸው፤ መንገዱ አስፈርቷቸው ይሆናል። ይህን «ይሆናል» አትቁረጥብኝ።

ከቻልህ የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ። ቸር ያሰማን። የጣቢያህን ስም ማለቴ አይደለም፤ ምርቃቱን ነው።

አጎትህ ባየ

ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ባየ፣

በያሉበት ሰላሙ ይብዛልዎ። ጉልበትዎን ጌታ ይማርልዎ፤ ለእትዬ ንግስትም «እየተፈለገች ነው» ይበሉልኝ። መነጽሩን በአርሴማ በኩል ልኬያለሁ። ለወረቀትና ለስክሪብቶ ብዬ የጨመርሁትንም እንዳይመልሱብኝ።

ስለ ናዳው ተግሣጽዎን ተቀብያለሁ። ግን ጋሼ፣ የሥራችን ነገር እንዴት እንደተለወጠ ላስረዳዎ። አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ ስሠራ አንባቢው ከኪሱ አውጥቶ ነበር የሚገዛን። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ጋዜጣውን ዘጋው። እዚህ መጥቼ «ቸር ያሰማን»ን ስከፍት ደግሞ የሚገዛኝ ሰው ጨርሶ የለም። የሚሸጠው ተመልካቹ ራሱ ነው። አንድ ሰው ቪዲዮዬን ሲከፍት ማስታወቂያ ይገባል፤ ቆይቶ ካየ ለእኔ ይከፈለኛል፤ ጥሎ ከወጣ ምንም የለኝም። «መንገዱ በከፊል ተዘጋ» ብዬ ብለጥፍ ማን ይከፍተዋል? «ተቆራረጡ» ስል ግን ከጅዳ እስከ ቶሮንቶ ያለ የአገር ሰው ልቡ ተሰቅሎ ይገባል። በዚያ ነው የቤት ኪራይ የምከፍለው፤ አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ልጆችም በዚያ ነው የሚበሉት። እኔ ባልለው ሌላው ይለዋል። የኛን ሠፈር ወሬ ብቻ የሚያሳድዱ ጣቢያዎች በዝተዋል፤ የቀደመ ይወስዳል።

አሁን ልለምንዎት የፈለግሁት ነገር አለ። ከሁሉ የሚታየው የሐዘን ዜና ነው። ዘመድ በየአገሩ ተበትኖ፣ አገር ቤት ማን እንደሞተ የሚሰማው ከእኛ ሆኗል። የሐዘን መግለጫ እንድናወጣላቸው የሚከፍሉን ቤተሰቦችም አሉ። በየሳምንቱ በቢቸናና በአካባቢው ያረፉትን ሰዎች ስም፣ ከተገኘም ፎቶ፣ ቢልኩልኝ ጣቢያው ይቆማል። ለእርስዎም ቋሚ ነገር አስብልዎታለሁ።

እህትዎን እትዬ ማስተዋልን ሲያገኙ ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ሞጣ ስማር ከልጇ ከስጦታው ጋር በአንድ ትሪ ያበላችኝን አልረሳም። ስጦታው ከጁባ ይደውልልኛል። የውሃ ቦቴ መንዳቱን ለምዶታል፤ ሙቀቱን ብቻ ነው የሚራገመው።

አክባሪዎ ይታገስ

ቢቸና፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይታገስ ልጄ፣

በዓለ ጥምቀቱን እንዴት አሳለፍኸው? እኛ ታቦታቱን በሰላም አስገብተናል። መነጽሩ ልክ ሆነልኝ፤ ፊደል ሁሉ ወፈረ። እግዚአብሔር ዓይንህን ይጠብቅልህ።

የለመንኸኝን ግን እንደ አጠያየቅህ አላደርገውም። ሰው መሞቱ ዜና የሚሆነው መርዶው ከተነገረ በኋላ ነው። አንተ ይህን ታውቃለህ፤ ጎጃም ተወልደህ ያደግህ ልጅ ነህ። ግን የረሳኸው መስሎኝ ልጻፈው። ሽማግሌ ይመረጣል። የነፍስ አባት ይጠራል። ሐዘንተኛው ልቡ ደካማ እንደሆነ ሐኪም ቢጤ ይፈለጋል፤ ሕፃን ካለ በሰበብ ጎረቤት ይወሰዳል። ከዚያ ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። ይህን ሁሉ የምናደርገው ሞቱን ልናቀለው አይደለም፤ ማን ያቀለዋል? ሰው ክፉውን በሚሰማበት ሰዓት ብቻውን እንዳይሆን ነው። ካንተ ጣቢያ የሚሰማው ሰው አጠገብ ማን አለ? ሥራ ቦታው ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሽንት ቤት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጊዜ የአውቶቡስ አደጋ ደርሶ የሟቾቹን ስም ላክ ተባልሁ። መርዶ ነጋሪዎቹ ከየገጠሩ እስኪመለሱ አልላክሁም። አለቃዬ በስልክ የጮኸብኝ ጩኸት ፖስታ ቤት ለቆመው ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር። አሁንም ቢሆን አልልክም። ሣልስቱ ያለፈ፣ ዘመድ አዝማዱ የሰማ እንደሆነ ስሙን እጽፍልሃለሁ። ሌላ ጣቢያ ከቀደመህ ይቅደምህ።

ካዘንሁብህ ይልቅ የሚያስደስትህን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ሞጣ ሄጄ እህቴ ማስተዋል ዘንድ ሰነበትሁ። ስጦታው ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ሊያገባ አይደለም? ቤቱን አስመርጋ፣ ጣራውን አስቀይራ፣ ጌሾውን ከአሁኑ አድርቃለች። የሚጠጣው እንግዳ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል፤ እሷ ግን ነገ የሚገባ ይመስል ትሯሯጣለች። ሳቅሁባት። የገዛላትን ትልቁን ስልክ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አኑራዋለች። የስልክ መሥመሩም አሁን እንደ ኢንተርኔቱ ጨርሶ ጠፍቷል፤ እሷ ግን መብራት በመጣ ቁጥር አውጥታ ቻርጅ ታደርገዋለች። «ኔትወርክ የመጣ ቀን ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀኝ፤ ስጦታዬ ያን ቀን ሳያድር ይደውላል» ትላለች። ያንተን ቪዲዮም ኢንተርኔት በነበረ ጊዜ አንድም አያመልጣት ነበር። ያሳደገችው ልጅ ቴሌቪዥን ሆኗል ብላ ጎረቤት ሁሉ ትጠራለች።

ስጦታው ሲደውልልህ እናትህ ደህና ናት በለው። ጥሎሹን እንዳይረሳ ንገረው።

አጎትህ ባየ

ካምፓላ፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ባየ፣

እንደምን አሉ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዬ አጭር ነውና ይቅር ይበሉኝ። ስጦታውን ትንሽ አሞት ጁባ ሆስፒታል ገብቷል። ጠንከር ያለ ሕመም ነው፤ ግን ሐኪሞች እያዩት ነው።

ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰዎ እባክዎን ወደ ሞጣ ይሂዱ። ብቻዎን አይሂዱ፤ መሪጌታ ገብረ ኪዳንን ይዘው ይሂዱ። በዚህ ሰሞን ኔትወርክ ሊለቀቅ ነው የሚል ወሬ እዚህ ይናፈሳል። ኔትወርክ ሳይመለስ ይድረሱ። የእትዬን ስልክ በሆነ ሰበብ ይውሰዱባት፤ ተበላሽቷል ይበሏት፤ እንዳሻዎ ያድርጉ፤ ብቻ በእጇ እንዳይሆን።

ለመንገድና ለሚያስፈልገው ሁሉ የሚሆን ልኬያለሁ። ጋሼ፣ ፈጥነው ይሂዱልኝ።

ይታገስ

ቢቸና፣ መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይታገስ፣

ሙሐመድጣሂር አይሱዙውን መናኸሪያው በር ላይ አቁሞ ወረደ። ሁልጊዜ ሲመጣ በሩቅ ነው ስሜን የሚጠራው፤ ዛሬ ዝም ብሎ መጣ። ደብዳቤህን ሰጥቶኝ ገና ሳልከፍተው «አላህ ያጽናዎ፣ ጋሽ ባየ» አለኝ። የማውቅ መስሎት ነው። ፊቴን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውሰውም። ከጫት ሻጮቹ አንዱ ዱካ አምጥቶ አስቀመጠኝ።

የእህቴን ልጅ ሞት የሰማሁት እንዲህ ነው። መናኸሪያ ላይ፣ ቆሜ፣ ረዳቶች «ደጀን፣ ደጀን» እያሉ ሲጣሩ።

ከዚያ ደብዳቤህን ከፈትሁ። «ትንሽ አሞት» ይላል። ለዓለም ሁሉ ሞተ ብለህ ተናግረህ ለእኔ አሞታል ትለኛለህ?

ሞቱን ያነበብህበት ቪዲዮ አዲስ አበባ ሳለ ሙሐመድጣሂር ስልክ ላይ ተጭኖ ኖሯል። አሳየኝ አልሁት፤ እምቢ አለ፤ አስገደድሁት። የልጁን ፎቶ አየሁ። የተገለበጠውን ቦቴ አየሁ። ድምፅህንም ሰማሁት። አልተንቀጠቀጠም። እኔ ከሁሉ ይልቅ ያዘንሁት በዚያ ነው።

ሙሐመድጣሂር አንድ ነገር ነገረኝ። ከአዲስ አበባ አብረውት የተሳፈሩት የሞጣ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። ከሱ በፊት የተመለሱትም ያውቃሉ። በማስተዋል ደጅ ነው ወደ ገበያ የሚያልፉት። መርዶው እስኪነገር አንድም ሰው አፉን እንዳይከፍት ተባብለው ተማምለዋል፤ ሰላም ብለዋት ያልፋሉ።

ነገ ጎህ ሲቀድ ከመሪጌታ ጋር እነሣለሁ። የላክኸውን ገንዘብ ለሙሐመድጣሂር መልሼለታለሁ። አልፈልገውም።

ባየ

ካምፓላ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ባየ፣

ሰላምታ ለማቅረብ አፍ የለኝም። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ማለትም ከእኔ አፍ ሲወጣ ያሳፍረኛል፤ ግን እላለሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

የሆነውን ልንገርዎ። ቦቴው ከጁባ ወጣ ብሎ ባለ ጠመዝማዛ ላይ ተገልብጦ ስጦታው እዚያው አረፈ። ጓደኞቹ ለእኔ ደወሉ፤ ቤተሰብ ነው ብለው። ወዲያው የአደጋው ፎቶ በየቴሌግራሙ ዞረ። አንዱ ጣቢያ ስሙን አሳስቶ፣ ፊቱን ሳይሸፍን ሊያወጣው እንደሆነ ሰማሁ። እነሱ ከሚያዋርዱት እኔ በክብር ላንብበው አልሁ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ እውነትም ነው። ሌላውም እውነት ነው፦ እንዳይቀድሙኝ ፈራሁ። ሞጣ ኢንተርኔት የለም፤ እትዬ አታይም፤ እስከዚያ ሽማግሌ ይደርሳል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። መቋረጡ ለእሷ መከለያ መሰለኝ። አዲስ አበባ ያለው የሞጣ ሰው ተሳፍሮ እንደሚመለስ፣ የተቋረጠውም አንድ ቀን እንደሚቀጠል አላሰብሁም። ጋሼ፣ የደብዳቤዎን ሦስተኛ ገጽ፣ ስለ መርዶ የጻፉልኝን፣ አንብቤ አስቀምጬው ነበር።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም ያሉት ልክ ነው። ሳነብ ዜና ነበር። አንብቤ ስጨርስ ነው ስጦታው የሆነብኝ። ካሜራውን የምትይዘው ፍሬ መብራቱን አጥፍታልኝ ወጣች።

ከጣቢያዬ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ግን ሌሎች በሰዓታት ውስጥ ገልብጠው በየገጻቸው ለጥፈውታል። ፎቶው አለ፣ ድምፄ አለ፣ ማስታወቂያው የእነሱ ነው። ከገጻችሁ አንሡልኝ ብዬ ጻፍሁላቸው። አንዱ ሳቀብኝ፤ ሌሎቹ መልስም አልሰጡኝም።

ገንዘቡን መመለስዎን አልጠይቅም። ኔትወርክ መመለሱን ሰምቼ መደወል ፈራሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ደረሳችሁ? ከማን አፍ ሰማች?

ይታገስ

ሞጣ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይታገስ፣

ኔትወርክ ተመልሷል። ልደውልልህ እችል ነበር። ግን ይህን በስልክ ልነግርህ ብሞክር ወይ እጮህብሃለሁ ወይ አለቅሳለሁ፤ ስለዚህ ጻፍሁት። ማስተዋልም አጠገቤ ተቀምጣ ስጽፍ ታየኛለች።

ከመሪጌታ ጋር ሞጣ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ማስተዋል ቀድማ እንዳታየን ሙሐመድጣሂር ቤት ተደበቅን። ባለቤቱ ሂዳያ በረመዳን ጾም ላይ ሆና ለእኛ የዐቢይ ጾም ወጥ ሠራችልን። ራሷ ሳትቀምስ ጨው በዝቶ እንደሆነ መሪጌታን ትጠይቃለች። የእድሩ ዳኛና ከደቡብ የተመደበች አንዲት ነርስ ተጠርተው መጡ። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን በስተቀኝ እንደሚቆም፣ ስልኩን ማን እንደሚወስድ ሁሉ ተነጋገርን። እኔ አልናገርም አልሁ፤ መሪጌታ ይናገሩ ተባለ።

ማለዳ ወጣን። ነጠላችንን ገና አላዘቀዘቅንም ነበር። መንገዱን አጋምሰን ሳለ የነርሷ ስልክ ከኪሷ ጮኸ። ደግሞ የእድሩ ዳኛ። ደግሞ ከየቤቱ፣ ከየአጥሩ ውስጥ፣ ከተማው ሁሉ በስልክ ተንጫጫ። ሰው በሌሊት ልብሱ እየወጣ «መጣ! መጣ!» ይባባላል። ያን ሁሉ ወር የተጠራቀመ መልእክት በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እኛ አራታችን ተያየን። ሽማግሌ ሲሮጥ አይተህ ታውቃለህ? መሪጌታ መቋሚያቸውን ጥለው ሮጡ። እኔም በዚህ ጉልበቴ ሮጥሁ።

በሩ ላይ ስንደርስ ከውስጥ ከፈተችው። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ነጩ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ነው። ፊቷ ሁሉ ሳቅ ነበር። «ኧረ ወንድሜ! እንኳን አንተ ደረስህ! ኔትወርኩ እንደመጣ ስጦታዬ ፎቶ ላከልኝ! እይማ እንዴት እንደከሳ። መነጽርህን አድርግና ምን እንዳለኝ አንብብልኝ» አለች።

ስልኩን ተቀበልኋት። ፎቶው ያው ያንተ ቪዲዮ ላይ ያለው ነው፤ በጎኑ ሻማ ተሥሎበታል። ከበታቹ «ነፍስ ይማር» የሚል አለ፤ ከሱ በታች ሌላ፣ ከሱ በታች ሌላ። ገና ይወርድ ነበር። መልእክት በገባ ቁጥር ስልኩ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

ቀና ስትል መሪጌታን አየች። ነርሷን አየች። የእድሩን ዳኛ አየች። ሰዓቱንም ያኔ አስተዋለችው መሰለኝ። ሳቋ ግን ከፊቷ ቶሎ አልጠፋም፤ መሄጃ አጥቶ ነው የቆየው። «ባየ፣ ለምንድን ነው በዚህ ሰዓት የመጣኸው?» አለችኝ።

መሪጌታ ይናገሩ ነበር የተባለው። ግን የጠየቀችው እኔን ነው። «ማስተዋል እህቴ፣ ፎቶውን የላከው እሱ አይደለም» አልኋት።

ሌላ አላልሁም። አላስፈለገም። ደግፈን ያዝናት።

ከማን አፍ ሰማች ብለኸኛል። ከእኔ አፍ ሰማች ብዬ ልጽፍልህ እችላለሁ፤ አንተም ይቀልልህ ነበር። እውነቱ ግን እኛና ስልኩ በር ላይ ተጋጠምን። ልጇ ያስታወሳት መስሏት የተደሰተችውን ያን ደስታ ማንም አይመልስላትም። ጨርሳ ሳትሰማ ብትቀር ይሻል ነበር እስክል ድረስ ያ ሳቋ አይለቀኝም።

ድንኳን ተጣለ። ሬሳ የለም፤ ጋቢውን ዘርግተን አለቀስን። ፎቶውን ከጋቢው ላይ እናድርግ ብንል የወረቀት ፎቶ የለውም። ከዐሥረኛ ክፍል ወዲህ የተነሣው ሁሉ በስልክ ነው። እዚያው ስልኳ ላይ የሌሎቹን ጣቢያዎች ቪዲዮ አቁመን፣ ጣውላ አስደግፈን፣ በእሱ ተለቀሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትከፍተዋለች። የምትሰማው ድምፅ ያንተ ነው፤ የሚጣደፍ ሙዚቃም አለበት። መሀሉ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል፤ አንዲት ሴት እየሳቀች ልብስ ታጥባለች። ማለፊያውን መጫን አልለመደችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሴትዮዋ አጥባ እስክትጨርስ ትጠብቃለች። ከዚያ ልጇ ይመጣል። እኔ አጠገቧ ስሆን እጫንላታለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አልኖርም።

ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ሁሉ ያውቁ እንደነበር ነገርኋት። «ያ ሁሉ ሰው እያወቀ እንደምን አደርሽ እያለኝ ያልፍ ነበር?» አለች። የምትቀየማቸው መስሎኝ ፈራሁ። ቆይታ «እግዜር ይስጣቸው፤ ያን ያህል ቀን አኖሩልኝ» አለች።

ስለ አንተም እንዲሁ ጠየቀችኝ። «ይታገስ ምን ነካው?» አለችኝ፤ ከዚህ የከረረ ቃል አልወጣትም። እኔ በበኩሌ ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልጽፍልህም። ገና ነኝ። የምጽፍልህ የእሷን መልእክት ነው፤ እንዳለችው አስቀምጬዋለሁ፦

«እሱ አጠፋሁት ቢልም በየሰዉ ስልክ ላይ አለ። እንግዲህ ካልጠፋ እንደ ሰው ሞት አድርጎ ደግሞ ያንብብልኝ። ቤቴ ያደገ ልጅ ነው፤ ሌላ ማን ያነብልኛል? ስጦታው ባንተአምላክ ይበል፤ ያን ጊዜ የአባቱን ስም ሳይጠራ ነው ያለፈው። ሞጣ ተወልዶ ይበል። እናቱ ማስተዋል ይበል። ያን ሙዚቃ ይተወው። ሳሙናም አይግባበት። ስሙን ሲጠራ አይቸኩል በለው።»

ባየ

ካምፓላ፣ ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ባየ፣

ትንሣኤው ለእርስዎም ለእትዬም መጽናናትን ያምጣላችሁ። ሠርጉ በዚህ ሳምንት እንደነበር አልረሳሁም።

ከእንግዲህ በሐዘን ዜና ላይ ማስታወቂያ አይገባም፤ ዘግቼዋለሁ። መርዶው መነገሩን ከአገር ቤት ሰው ሳላረጋግጥ የማንንም ስም አላነብም። ከሁለቱ ልጆች አንዱን ለማሰናበት ተገድጃለሁ፤ ገቢያችን ያለው እዚያ ላይ ነበርና። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ጠይቀውኝ ባያውቁም ዜናው ሙሉ ይሁን ብዬ ነው።

እትዬ ያለችውን አነበብሁ። ሙዚቃ የለውም። «ስጦታው» አልሁ። «ባንተአምላክ» ልል ስል ድምፄ ከዳኝ። እኒያን አባት አውቃቸዋለሁ፤ ሞጣ ትምህርት ቤት ሁለታችንንም በአንድ ቀን ያስመዘገቡን እሳቸው ናቸው። ካሜራው እየቀዳ ነበር። ፍሬ አላቆመችውም፤ እኔም አቁሚው አላልኋትም። ብዙ ቆይቶ መለሰልኝና የአባቱን ስም ጠርቼ፣ ሞጣ ተወልዶ ብዬ፣ እናቱ ማስተዋል ብዬ ጨረስሁ።

ለጥፌዋለሁ። ተመልካች የቱ ጋ ጥሎ እንደሚወጣ የሚያሳይ መሥመር አለን፤ ሁሉም እዚያ ዝምታ ላይ ሲደርስ ይወጣል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሊሰናበት ዕቃውን እየሰበሰበ «ቁረጠውና ሰው ይየው» አለኝ። አልቆረጥሁትም።

ጋሼ፣ እትዬ ስትከፍተው አጠገቧ ይሁኑልኝ። ዝምታው ሲመጣ ኔትወርኩ ደግሞ የተቋረጠ መስሏት እንዳትደነግጥ አስቀድመው ይንገሯት። ስልኩ ደህና ነው፤ የቆምሁት እኔ ነኝ።

ይታገስ